ለሐመልማል የተቀጠረው መርዶ

በ2068 ዓ.ም. በደሴ፣ ሳላይሽ ሰፈር፣ የልጆች ማረፊያ ቤቱ በር የሚከፈተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ስድስት ልጆች ይመጣሉ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ቅጠላቸውን፣ ያችን ስስ የሥዕል መስኮት፣ ከቦርሳ አውጥተው ጭናቸው ላይ ይዘረጋሉ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያያሉ። ኪሩቤል ከኋላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማል። ሥራው መስማት ነው። መታወቂያው ላይም «አዳማጭ» ይላል።

ጀርባ ለጀርባ የሚቀመጡት ተጣልተው አይደለም። ቅጠል ለአንድ ሰው ዐይን ነው የሚሠራው። የሌላ ልጅ ዐይን ካረፈበት ሥዕሉ ግራ ይገባውና ነጭ ይሆናል፤ ነጭ ሲሆን ባለቤቱ ያለቅሳል። እንዲያ ካልሆነ ግን ማንም አያለቅስም። ዐይን የወደደውን ቅጠሉ ያበዛል፣ የሰለቸውን ይለውጣል፣ ያስከፋውን ያነሣል። አንድን ሥዕል ሁለት ጊዜ ያየ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም።

ኪሩቤል የሚመዘግበው ሳቅን፣ ረዘም ያለ ዝምታንና «ለምን» የምትለውን ቃል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሰማ ግን መዝገቡ ያልጠየቀውን አንድ ነገር ልብ ብሏል፦ «እይ! እይው!» የሚል ልጅ ጠፍቷል። ለማን ብሎ ያሳያል? ይህን የሚጽፍበት ዓምድ ስላልነበረ፣ ከቤቱ በሚያመጣት በራሱ ደብተር ላይ ጻፈው።

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋም፤ ጆሮውን የሳለው የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ እየፈታ እየገጠመ ነው። የትኛው ሽቦ እንደላላ ከሲርሲርታው ያውቅ ነበር። ሰፈሩም ይህን አይቶ ሌላ ኃላፊነት ሰጠው፤ የዕድሩ መርዶ ነጋሪ አደረገው። ዘመድ ሞቶበት ያልሰማ ሰው ሲኖር፣ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ እሱን አስቀድመው በር ያንኳኳሉ። ድምፁ አይቸኩልም፤ ተናግሮም ሲያበቃ አይሄድም።

ከስድስቱ ልጆች አንዷ ሐመልማል ናት። አምስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷታል። አባቷ ያብስራ ሾፌር የሌላቸውን የጭነት መኪኖች ከኮምቦልቻ እያጀበ የሚያወጣ ሰው ነበር፤ አምና ኅዳር ላይ፣ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ሞተ። የዚያኑ ቀን አያቷ አባባ ይኄይስ «ሕፃን ናት፣ ምን ይገባታል? ዓመት ይለፋትና ወግ ባለው መንገድ ይነገራታል» አሉ። ቤተ ዘመዱም ተስማማ። «አባትሽ መንገድ ሄዷል» ተባለች። ፎቶው ከግድግዳ ወረደ። ለቅጠሏም «የመርዶ ዕረፍት» የሚባል ቅጽ ተሞላላት።

በዚያን ጊዜ ይህን ዕረፍት ያልሞላ ቤተሰብ እንደ ጨካኝ ይታይ ነበር። ዕረፍቱ ሟቹን የሚመስለውን ሁሉ ከልጁ ሥዕሎች ያነሣል፤ ለሐመልማል ረጅም ወንድ፣ ቀይ ኮፍያ፣ የቆመ መኪና ተነሣላት። ቅጠሉ የቤተሰቡንም ፊት ያያል። ስለዚህ እናቷ ሶልያና ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰችው ጓሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። ፊቷን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ፈገግታዋን አበጃጅታ ትገባለች። ይህን ኪሩቤል የሚያውቀው በአጥር ስለሚጎራበቱ ነው። እሱ የሰማውን ደግሞ ለሌላ ሰው አያወራም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አባባ ይኄይስ ከዘራቸውን እያንኳኩ ማረፊያ ቤቱ ደጃፍ መጡ።

«ኪሩቤል፣ ሙት ዓመቱ ሊደርስ አሥራ ስምንት ቀን ቀረው። በዚያው እሑድ ጠዋት ለልጅቷ መርዶዋ ይነገራታል። የምትነግራት አንተ ነህ።»

«ለትልቅ ሰው እንጂ ለሕፃን ነግሬ አላውቅም፣ አባባ።»

«ድምፅህን ለምዳዋለች። እኔማ ገና አፌን ስከፍት ነው የምንሰቀሰቀው።»

«እርስዎማ ሠርግ ላይም ያለቅሳሉ።»

«የሠርጉ እንኳ ሥጋው ስለሚያልቅብኝ ነው» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት። «የልጄን ሞት ልጁ ትስማልኝ። ያኔ እኔም ሞቷል ብዬ አምናለሁ።»

ኪሩቤል እሺ አለ። እሺ ያለውን ነገር ሳያጠና አይጀምርምና፣ ቤቱ ገብቶ የራሱን ደብተር ገለጠ።

«ኅዳር 19፦ ሐመልማል፤ አባቢ የት ሄደ? ሦስት ጊዜ።» «ታኅሣሥ 3፦ አባቢ ኮፍያውን ረሳ።» «ጥር 11፦ አባቢ። አንዴ ብቻ፣ ወደ ማንም ሳትዞር።» ከዚያ በኋላ የካቲትን አገላበጠ፣ መጋቢትን አገላበጠ፣ ክረምቱን ሁሉ አገላበጠ። ሳቅ አለ። ስለ ዝሆንና ስለ ኬክ ያወራችው አለ። አባቢ የሚል ቃል የለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከኋላዋ ተቀምጦ ሲሰማ ከርሞ፣ የጎደለውን አልሰማም ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ ጫማ ሲያጠልቁ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ሐመልማል፣ አባቢ ማነው?»

አሰበች፤ አጠገቧ ጫማ የሚያጠልቀውን ናታንን አየች። «የናታን ነው። በር ላይ የሚመጣው።»

«ያንቺስ?»

«እኔ አያቴ አለ» አለች፤ አልከፋትም። ብስክሌት የሌለው ልጅ «እኔ ኳስ አለኝ» እንደሚለው ነበር አባባሏ።

ከሰዓት በኋላ ሶልያናን ማጠቢያው ጋ አገኛት። እጇ አረፋ ውስጥ ነው።

«ልጄ፣ መርዶ ልንነግራት የተቀጣጠርንላት ልጅ ማን እንደሞተባት አታውቅም።»

እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። «በትከሻው እየተሸከመ አይደል እንዴ ያሳደጋት? እንዴት ትረሳዋለች፣ ጋሽ ኪሩቤል?»

«ረሳችው አልልም። ባየች ቁጥር አነሣንባት። ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ዕረፍቱን አሁኑኑ አነሣዋለሁ» አለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «አሁኑኑ። ሥዕሉ ላይ ይመለሳል።»

ዕረፍቱ ያን ዕለት ተነሣ። በማግስቱ ቅጠሉ ያሳየው ምን እንደነበር ለወላጅ የሚላከው የዕለቱ ግልባጭ ላይ ሰፍሯል፤ ሶልያናና ኪሩቤል አብረው አዩት። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያብስራ ነበር። ቁርጥ ራሱ። ቀይ ኮፍያውን አድርጎ፣ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን አንሥቶ። የሐመልማል ዐይን ለቅጽበት አረፈበትና አለፈ። ሁለተኛው ላይ ወደ ዛፉ ሥር ተወሰደ። አራተኛው ላይ ቡጢ ያክል ሆነ። ስድስተኛው ላይ ዛፉ ብቻ ቀረና ኮፍያው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። ስምንተኛው ላይ ኮፍያው ቲማቲም ነበር። ቲማቲሙን ወደደችው። ቅጠሉም እስከ መጨረሻው ቲማቲም አበዛላት።

 ሶልያና ሳጥኗን ከፍታ ከልብስ ሥር ፎቶውን አወጣችና ለልጅቷ ሰጠቻት። ሐመልማል አየችው። ጠበቀች። በጣቷ አንዴ፣ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችው።

«ተበላሽቷል፣ እማዬ» ብላ መለሰችላት።

ኪሩቤል ያን ቀን ሠርክ ጸሎት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን በር አጠገብ ካለችው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመ። ከእናቱ ጋር መምጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የሚቆመው እዚያው ነው። በሰባት ዓመቱ የመጎናጸፊያዋን ሰማያዊ አየ፤ በሃያ ዓመቱ ዐይኗን፤ እናቱ በሞተችበት ዓመት ደግሞ እጇን። ቀለሙ ያው ነው። የተለወጠ ነገር ካለ እሱ ነው። ሐመልማልን እኮ ማንም ሥዕል ፊት መቆም አላስተማራትም፤ ሁሉም ሥዕል ነው ከሷ ፊት ሲሮጥ የኖረው። ራሱን ዝቅ አድርጎ «አንቺው ታውቂያለሽ» አለና ወደ ቤቱ ሄደ።

አልጋው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የሥዕል መጽሐፍ ነበረው። የወረቀት መጽሐፍን ማንም አልከለከለም፤ ፈላጊ አጥቶ ነው የቀረው። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ጥጉን ወይ እሱ ወይ እኅቱ በጥርስ በልተውታል። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ቀጭኔ ኮት ልታሰፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትመጣለች፤ ልብስ ሰፊው አንገቷን ሲለካ ሜትሩ ያልቅበታል፤ መሰላል ያመጣል፤ ይሰፋል፣ ይተኩሳል፣ ቁልፍ ይተክላል፤ በመጨረሻ ኮቷን ለብሳ ዝናብ ላይ ትወጣለች። ሌላ ታሪክ የለውም። ኪሩቤል ፊደል ሳይቆጥር በፊት ይህን መጽሐፍ በቃሉ ያነብ ነበር።

በማግስቱ በነሶልያና በረንዳ ላይ ከሐመልማል አጠገብ ተቀመጠ። ጀርባ ለጀርባ አይደለም። ጎን ለጎን።

«ይኼ ምንድነው?»

«መጽሐፍ ነው። ቀጭኔ አለችበት።»

አየች። ጠበቀች። በጣቷ ነካችው። «ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። እሷ ቆማ ነው የምትጠብቅሽ።»

«ለምን?»

«እስክታዪያት ድረስ።»

ለሦስት ቀን ከሁለተኛው ገጽ አላለፈችም። ዐይኗ ሥዕሉን ዘሎ ይሸሻል፤ ወደ ዶሮው፣ ወደ በሩ፣ ወደ ኪሩቤል ጢም። እሱ አልጎተታትም። ያችኑ ቃል በዚያው ድምፅ ያነባል፣ ይዘጋል፣ «ነገ» ብሎ ይነሣል። በአራተኛው ቀን መሰላሉ ያለበትን ገጽ ሲገልጥ ጣቷ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቀንድ አውጣ።»

«ትናንትም ነበር?»

«ትናንትም ነበረ።»

«ነገስ?»

«ነገም እዚያው ነው።»

ቀና ብላ አየችው፤ እያሾፈባት እንደሆነ ለማወቅ። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። እዚያም ቀንድ አውጣው ነበር፤ ከመቀሱ ጀርባ። ቀጥሎ ባለውም፤ ከካውያው ሥር። ጽሑፉ አንድም ቦታ አያነሣውም። ሠዓሊው ለልጆች ብቻ አስቀምጦት፣ ለአዋቂ ሳይናገር ሄዷል።

«ጋሼ፣ እይው! እይው እዚህ!»

ኪሩቤል ደብተሩን አላወጣም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃት ቃል ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉን የምታመጣው እሷ ሆነች። «ዛሬ ሌላ እናንብብ» ሲላት «ያንኑ» ትላለች። አንድ ቃል ቢዘል ታርመዋለች። ልብስ ሰፊው ሜትሩ ሲያልቅበት ሊመጣ ያለውን ስለምታውቅ አስቀድማ አፏን ትይዛለች፤ አውቃም ትስቃለች።

በአሥረኛው ቀን «ቁልፉን የወሰደው ቀንድ አውጣው ነው» አለች።

«የምን ቁልፍ?»

«የኮቷን። እዚህ ጋ ዘጠኝ ነው። እዚህ ጋ ስምንት።»

ኪሩቤል ይህን ያውቀዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሠዓሊው ተሳስቶ ነው ብሎ ይቅር ካለው አርባ ዓመት አልፎታል። መነጽሩን አደረገ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣው ክብ ቡናማ ነገር ጀርባው ላይ ተሸክሟል። ሁልጊዜ ድንጋይ ይመስለው ነበር። አራት ቀዳዳ አለው።

«ለምን ወሰደው?» አላት።

«ለዣንጥላ ነዋ።»

ማረፊያ ቤት ግን መዝገቡ ተበላሸ። ሐመልማል ቅጠሏ ሲለዋወጥባት «ቆይ! ገና አላየሁትም! ለምን ይሄዳል?» ትላለች። ቅጠሉ ቆይ የሚባል ነገር አያውቅም። ኪሩቤል «ለምን» በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ አራት ጻፈ፤ ከበላይ ምክንያት ሲጠየቅ «ልጅቷ ማየት ጀምራለች» ብሎ መለሰ። 

የሙት ዓመቱ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለነገ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ለልጅቷ «ድግስ ነው» ተብሏታል። ሶልያና ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ኪሩቤል በረንዳው ላይ መጽሐፉን አነበበላት፤ ሲያበቃ ከሶልያና የተዋሰውን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ እንደ አሥራ ሦስተኛ ገጽ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። 

አየች። አልነካካችውም። ዐይኗ ከላይ ጀመረ፤ ቀይ ኮፍያ፣ የሚስቅ ፊት፣ ከኋላ የመኪና ጎማ። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ወደ ጥጎቹ ወረደች። ቀንድ አውጣ የለም። ቀስ ብላ ወደ መሐል ተመለሰች። ፎቶውን ያነሣው ሰው ጥንቁቅ አልነበረም፤ ከኮፍያው በላይ ያለውን ቆርጦታል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጫማ አለ።»

በሰውየው ደረት ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ትከሻው የወረዱ ሁለት ትንንሽ ቢጫ ጫማዎች ነበሩ።

«የማን ነው?» አላት።

ረጅም ጊዜ አየች። «የኔ ነው። ቢጫው የኔ ነው። አሁን ጠቦኛል።»

«አንቺስ የት ነሽ?»

«እላዩ ላይ ነኛ። አልታይም እንጂ።» ከዚያ እጇ ወደ ራሷ ጭን ሄደ፣ እዚያ አንድ ነገር እንደነካት። «ጢሙ እግሬን ይወጋኛል። ኮፍያውን አውልቄ እጥለዋለሁ። ‹ሐሙ!› ይለኛል። ይቆጣል። ግን አይቆጣም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባቢ ነው።»

ፎቶውን ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው። መልሳ ገለበጠችው።

«የት ሄደ?»

ቀጠሮው ለነገ ጎህ ነው። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ አባባ ይኄይስ አጠገቧ ይቀመጣሉ። መርዶ ከቀትር በኋላ፣ በአንድ ሰው አፍ፣ በረንዳ ላይ አይነገርም፤ በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «ነገ እነግርሻለሁ» ሊል አሰበ። ግን ይህ ጥያቄ አምና ኅዳር ላይ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መልስ ያጣው ጥያቄ ነው። አራተኛ ጊዜ ካለፈ ተመልሶ እንደማይመጣ ጆሮው ነገረው። በልቡ አማተበ።

«ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» አላት። ተጠጋችው። «ሐመልማል፣ አባቢ ሞቷል።»

«መቼ?»

«አምና። መንገድ ላይ።»

«ነገ ይመጣል?»

«አይመጣም፣ የኔ ልጅ።»

«እዚህ ላይ ግን አለ።»

«እዚያ ላይ አለ።»

«ነገም?»

«ነገም። ስትጠሪው ግን አይሰማሽም።»

ይህችኛዋ ናት የገባቻት። አለቀሰች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ቅጠል ልቅሶዋን ሰምቶ መዝፈን ጀመረ፤ ደወል ደወለ፣ እንደ ወፍ ጮኸ፣ ስሟን ጠራ። ኪሩቤል አልተነሣም። አላባበላትምም። እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ልቅሶዋን እስከ መጨረሻው ሰማው።

ሶልያና የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች። ፊቷን ታጥባለች፣ አድርቃለች፣ ፈገግታዋ ቦታው ላይ ነው። ሐመልማል እናቷን ባየች ጊዜ ልቅሶዋን ዋጥ አደረገችው። ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ያንን ፈገግታ አየች፤ አየችና እናቷ ገና አልሰማችም አለች በልቧ። ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ እሷ ሄደች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

ሶልያና ኪሩቤልን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ሳፋውን ጭኗ ላይ እንደያዘች የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ እርጥቡን እጇን በሁለት እጆቿ ያዘችላት። አልቸኮለችም።

«እማዬ፣ አባቢ ሞቷል» አለቻት። «መንገድ አልሄደም። አምና ነው የሞተው።»

ዓመት ሙሉ ያወቀችውን ነገር ሶልያና ያኔ ሰማችው። ሳፋው ከጭኗ ተንሸራቶ ልብሱ አቧራው ላይ ተበተነ፤ በልጇ ፊት፣ በራሷ ቤት ደጃፍ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያብስራን በስሙ ጠራችው። ሐመልማል አልደነገጠችም። እጇን እንደያዘች ቀረች፤ መርዶ ያረዳ ሰው ነግሮ አይሄድምና።